ሰሊጥ የገባበት ስልጆ

አምሳለች እንዲህ ትላለች፦ ለጥያቄና መልስ ውድድር ሞጣ የሄዱ ጊዜ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ያረፉበት ቤት እመቤት የኸይራት እናት ለእንግዶቹ ሻይ በወተት አቀረቡ። አምሳለች ወተት ከጠጣች ሆዷ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ከዚያም ወደ ጓሮ ያስሮጣታል። ይህን ምስጢር ከቤተሰቧ ውጪ የምታውቅ ኸይራት ብቻ ነበረች። የሰው ቤት እንግዳ ሆኖ፣ ያውም እናት የሚሆኑ ሰው «በሞቴ» እያሉ ፊት ለፊት ቆመው፣ አልጠጣም ማለት ነውር ነው። ስለዚህ አስጥይኝ ብላ ኸይራትን በዓይኗ ለመነቻት። ኸይራት አየቻትና ፊቷን አዞረች። ያዞረችውም ተጠባባቂ ተወዳዳሪ ስለነበረች፣ የአምሳለችን ወንበር ስለፈለገች ነው።

ኸይራት ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ ሻዩ ሲቀዳ ቤት ውስጥ አልነበረችም። ደጅ ከወንዶቹ ጋር ጓዝ ስታስር ነበር። የገባችው ሲኒው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው። ደግሞስ አምሳለች አፍ የላትም ወይ? ቀስ ብላ «እማማ፣ ወተት አይሆነኝም» ብትል ማን ይቆጣት ነበር?

ሁለቱም በየሃይማኖታቸው ይምላሉ።

የማይከራከሩበት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጥር 1963 ዓ.ም. ነበር። የቢቸና ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሞጣ ተማሪዎች ጋር ሊወዳደሩ መድረክ ላይ ተቀምጠዋል፤ አዳራሹ በሞጣ ሰው ጢም ብሏል። አራተኛው ጥያቄ ለአምሳለች ደረሰ፤ የዓባይን ገባሮች ቁጠሪ የሚል። ሦስቱን እንደ ቆጠረች ሆዷ ጮኸ። መጀመሪያ የሰማው የፊት ወንበር ብቻ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ የኋላውም ሰማ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አምሳለች ሆዷን ይዛ በጎን በር ወጣች፣ ባሕር ዛፉን ተጠግታ ጠፋች፣ አልተመለሰችም። በእሷ ወንበር ኸይራት ተቀመጠች፤ የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች መለሰች፤ ቢቸና በአንድ ነጥብ አሸነፈች። ሽልማቱን፣ ባለ ወርቅ ክዳን እስክሪብቶ፣ የተቀበለችው ኸይራት ናት።

ሲመለሱ የጭነት መኪናው ላይ ቢሆነኝ የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ ወደ ጠራው ሰማይ አንጋጦ «ጎበዝ፣ በጥር ነጎድጓድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ስሙ ጸድቆ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምሳለች «ነጎድጓድ» ሆነች።

አባቷ አሥራ ሁለት ላም ያላቸው ሰው ናቸው። የከብት ቤት ልጅ ሆና ወተት መፍራቷ ድሮም የሚያሳፍራት ነገር ነበር፤ አሁን አገር አወቀው። ስሙ በተጠራ ቁጥር የጠራትን ልጅ አትቆጣም። ዓይኗ የሚሄደው ወደ ኸይራት ነው። ሀብትነሽ የምትባል የሁለቱም ጓደኛ አስታራቂ ሆና ሁለት ጊዜ መጣች። አምሳለች ሁለቱንም ጊዜ አዳምጣ ዝም አለች። ሀብትነሽ ነገሩ የበረደ መሰላት። አልበረደም ነበር፤ አምሳለች የምትመልሰው ልክ እስክታገኝ እየጠበቀች ነበር። ያዋረደቻት በምግብ ነው፤ የምትዋረደውም በምግብ መሆን አለበት። ያዋረደቻት ሰው ፊት ነው፤ የእሷም ሰው ፊት መሆን አለበት።

ልኩን ያገኘችው ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ አምና የሆነ አንድ ነገር ትዝ ሲላት።

ኸይራት የሞጣ ነጋዴ ልጅ ብትሆንም የምታድገው ቢቸና፣ ልጅ በሌላቸው በአክስቷ በእትዬ ዑሙሰልማ ቤት ነው። አምና በዒድ ዕለት አምሳለች እዚያ ቤት ተጠርታ ሳለ፣ ከቆላ የመጣ ሰሊጥ በማር ተይዞ ቀርቦ ነበር። ኸይራት ምን እንደ ሆነ ሳታይ ትንሽ ቆርሳ አፏ ከተተች፤ ወዲያው ተፋችው። ከንፈሯ ግን አበጠ፤ አንገቷ ላይ ሳማ እንደ ነካው ሰው ቀይ ቀይ ወጣባት። እትዬ ዑሙሰልማ ውሃ ይዘው እየሮጡ አፏን አጠቡ፤ ሰሊጡን ያመጣውንም ሰው ተቆጡ። ኸይራት ከሰዓት በኋላ በመስታወት ፊቷን እያየች ሳቀች። «ሰሊጥ አይስማማኝም፤ ከልጅነቴ ነው» አለቻት። ያን ዕለት ነው አምሳለችም የራሷን የነገረቻት። «እኔም ወተት አይስማማኝም» ብላ።

እንግዲህ ያው ነው፣ አለች አምሳለች በልቧ። የእኔ ሆዴን፣ የእሷ ከንፈሯን። የእኔም አልፎልኛል፣ የእሷም ያልፍላታል። ግን ክፍሉ ሁሉ እያየ ከንፈሯ እንደ ድፎ ይነፋል፤ ያን ጊዜ ቢሆነኝ ለእሷም ስም ያወጣላታል።

በዚያው ሰሞን መምህር ገብረ ክርስቶስ፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ለትምህርት ቤቱ አዲስ የተሠራውን ክፍል ተማሪዎቹ ራሳቸው በወንፈል እንዲመርጉት ወሰኑ። ወንዶቹ ጭቃ ያቦካሉ፤ ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ ምሳም ከየቤታቸው ያመጣሉ። ቀኑ ቅዳሜ ሆነ፤ ቅዳሜ እንደ ሌላው የጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይበላል። ደግሞ ጾም ስለ ሆነ ሥጋ የለም፤ ሥጋ ከሌለ የክርስቲያን የእስላም ተብሎ ገበታ አይለይም። ሁሉም ከአንድ ገበታ ይቆርሳል። አምሳለች ይህን ሁሉ አሰበችው። ምን ታመጫለሽ ስትባል «ስልጆ» አለች።

የእናቷ የወይዘሮ ባንቺዓለም ስልጆ ሰፈር ያወቀው ነው። ባቄላው፣ ሱፉ፣ ሰናፍጩ በልኩ ሆኖ፣ ገና ሳይቀምሱት አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሰሊጥ የሚባል ነገር አይገባበትም። ኸይራትም ትወደዋለች፤ በደጉ ጊዜ ጣቷን እየላሰች ትበላው ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ እናቷ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው እስኪመለሱ አምሳለች ጓዳ ገባች። ሰሊጡን አልቆላችውም፤ ከተቆላ ሽታው ያጋልጣል። ጥሬውን ፈጨችና በውሃ አሽታ አጠለለችው። የወረደው ፈሳሽ ነጭ ነበር፤ ቁርጥ ወተት። ይህ ደስ አሰኛት። ወተት በወተት፣ አለች። ስልጆው ላይ አፍስሳ አማሰለችው፤ ቀመሰችው፤ ከሰናፍጩ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

እናቷ የደረሱባት የስልጆውን እንስራ ተሸክማ ልትወጣ ስትል ነው። ከኸይራት ጋር ታርቃ እንደ ሆነ ጠየቋት። አልታረቅንም አለች። ወይዘሮ ባንቺዓለም ነጠላቸውን እያጣፉ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉ። «በይ ለዚያች ልጅ አብዝተሽ ስጫት። ስልጆዬን እንደምትወድ አውቃለሁ።»

«እሺ እማዬ» አለች አምሳለች። እንስራውን ጀርባዋ ላይ አመቻችታ ወጣች።

ትምህርት ቤት ስትደርስ ጭቃው እየተረገጠ ነበር። ጭድ ይነሰነሳል፣ ውሃ ይፈስሳል፣ ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው እየዘፈኑ ይረግጣሉ። ምግቡ ሁሉ ግራሩ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ተደረደረ። ኸይራት ባልዲ ይዛ ስታልፍ እንስራውን አየችና ቆመች። ከሞጣ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም፤ ስለዚህ የተናገረችው ለሀብትነሽ ነው፣ አምሳለች እንድትሰማ አድርጋ።

«ከአንዳንድ ሰው እጅ ውሃ እንኳ አልጠጣም። የእትዬ ባንቺዓለም ስልጆ ስለ ሆነ ግን እበላለሁ። እሳቸውን አምናቸዋለሁ።»

አምሳለች ጀርባዋን ሰጥታ ፈገግ አለች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሆነኝ ጭቃው ውስጥ የጠርሙስ ስባሪ ረገጠ። ደሙ ጭቃውን አልፎ ታየ። መምህር ገብረ ክርስቶስ በመሐረብ አሰሩለትና አምሳለችን ጠርተው ክሊኒክ ይዛው እንድትሄድ አዘዙ፤ የክፍሉ የመጀመሪያ እርዳታ ኃላፊ እሷ ነበረች። ቢሆነኝ ትከሻዋን ተደግፎ በአንድ እግሩ እየዘለለ፣ መንገዱን ሙሉ አፉ አላረፈም።

«ነጎድጓድ፣ ቀስ በይ እንጂ። ዝናብ ይመጣል ብለሽ ነው የምትሮጪው?»

«ዝም በል፣ እዚሁ ጥዬህ እሄዳለሁ።»

«እሺ፣ እሺ። መብረቁን ብቻ እንዳትለቂብኝ።»

ክሊኒኩ ውስጥ የነበሩት አቶ አካለ ወልድ ናቸው። ከጎንደር የጤና ኮሌጅ የተመረቁ የወሎ ሰው ናቸው፤ ጤና መኮንን ነኝ ቢሉም ከተማው ሁሉ ዶክተር ይላቸዋል። ቁስሉን አጥበው አዮዲን ሲነኩት ቢሆነኝ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨምድዶ ያዘ። ሕመሙን ሊረሳም፣ ሊያስቅም ፈልጎ «ዶክተር፣ ይቺንም ይመርምሩልኝ፤ ሆዷ እንደ ሐምሌ ሰማይ ነው የሚያጉረመርመው» አለ።

አቶ አካለ ወልድ አልሳቁም። ምን ስትበዪ ነው ብለው ጠየቋት። አምሳለች አፍራ ነገረቻቸው። እሳቸው መርፌና ክር እያዘጋጁ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው በእርጋታ አስረዷት። ወተት ውስጥ ስኳር አለ። ሕፃን ሲወለድ ያን ስኳር የሚፈጭበትን ነገር አንጀቱ ውስጥ ይዞ ይወለዳል፤ ብዙ ሰው ሲያድግ ይቀንስበታል። ያልተፈጨው ስኳር አንጀት ውስጥ እንደ ጠላ ጥንስስ ይብላላል። ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ያስሮጣል።

«እርጎስ ትበያለሽ?» አሏት።

«እርጎ ምንም አይለኝም።»

«አየሽ፣ ሲረጋ ስኳሩ ይቀንሳል። ወተቱንም ቢሆን አንድ ማንኪያ ብትቀምሺ ላይታወቅሽ ይችላል። ነገሩ የመጠን ነው። ያሳፍራል እንጂ አይገድልም። ከዚህ አገር ሰው ስንቱ እንዳንቺ ነው፤ አይናገርም እንጂ።» ወደ ቢሆነኝ ዞር አሉ። «አንተስ?»

ቢሆነኝ ድንገት ቁስሉን መመልከት ጀመረ። ጆሮው ቀላ።

አምሳለች ከሞጣ ወዲህ እንደዚያ ቅልል ብሏት አያውቅም። አይገድልም። የመጠን ነው። በዚያው የቅልልታ ስሜት የልቧን ልታረጋግጥ ጠየቀች። «ሰሊጥ ሲበላ ከንፈሩ የሚያብጥ ሰውስ? ያው ነው አይደል?»

የአቶ አካለ ወልድ እጅ ክሩን እንደ ያዘ ቆመ።

«ከንፈር ብቻ ነው? ቆዳስ?»

«አንገቷም ቀይ ቀይ ይላል። ግን ከሰዓት በኋላ ይጠፋል።»

«ያው አይደለም» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም፤ ግን የአየር ጠባይ ወሬው አልቆ ነበር። «ያንቺ ሆድ ወተቱን መፍጨት አቃተው እንጂ አልተጣላውም። የእሷ ሰውነት ግን ሰሊጡን ጠላት ነው ብሎ ክተት ይጠራበታል። ሌባ ገባ ብሎ የራሱን ቤት እንደሚያቃጥል ሰው ነው። ዛሬ ከንፈር ያብጣል፤ ሌላ ቀን ጉሮሮ ያብጣል። ጉሮሮ ካበጠ አየር በየት ይገባል? ደግሞ መጠን አያውቅም፤ ለአንዳንዱ በጣት ጫፍ የተላሰው ይበቃዋል።»

«ባለፈው ግን ከንፈሯ ብቻ ነበር።»

«ያለፈው ለሚመጣው ዋስ አይሆንም።»

ጎንደር ሲማሩ ስላዩት አንድ ወታደር ነገሯት። ኦቾሎኒ ሲበላ ሦስት ጊዜ ከንፈሩ ብቻ አብጦ ያውቃል፤ ጓደኞቹም ይቀልዱበት ነበር። በአራተኛው ጊዜ ለቀልድ ብለው ወጥ ውስጥ ጨመሩበት። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት የሚያድነው መድኃኒት በመርፌ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሱ ግን መተንፈስ ካቆመ ቆይቷል። ጓደኞቹ በረንዳው ላይ ተቀምጠው «እኛ እኮ ልንስቅ ነው» ይሉ ነበር አሉ።

ከትምህርት ቤቱ በኩል የምሳው ደወል ተሰማ።

«ልጅቱ ማን ናት?» አሉ አቶ አካለ ወልድ።

አምሳለች ግን በሩን ወጥታ ሄዳ ነበር።

መንገዱ አቀበት ነው። ግማሹን ሮጠች። ከዚያ፣ ሳታስበው፣ እግሯ ዘገየ፤ ቆመችም። ምናልባት ከንፈሯ ብቻ ቢሆንስ? ሐኪሙ ሁልጊዜ ይገድላል አላሉም። ሁለት ወር ሙሉ ነጎድጓድ ተብላለች፤ ሁለት ወር ሙሉ ያቺ ልጅ በባለ ወርቅ ክዳን እስክሪብቶዋ ስትጽፍ አይታለች። ይህን ሁሉ ቆጥራ፣ ለክታ፣ አጥልላ ያዘጋጀችው ነው። አሁን ብትዘገይ፣ ትንሽ ብቻ ብትዘገይ፣ የሚሆነው ይሆናል፤ እሷም የለችም፣ ቁስለኛ ይዛ ክሊኒክ ናት።

ይህን እንዳሰበች የፈራችው የኸይራትን መሞት ብቻ አይደለም፤ ራሷንም ነው። የፈለገችው እንዲሳቅባት ነበር። ለምትሞት ልጅ የሚሆን ቂም አልነበራትም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እንደገና ሮጠች። እንስራውን እደፋዋለሁ፣ አለች። እንቅፋት መታኝ ብዬ እደፋዋለሁ፤ ማንም ምንም ሳያውቅ ያልቃል።

ግራሩ ሥር ስትደርስ እንስራው ባዶውን ጎኑን ሰጥቶ ተጋድሟል። ሀብትነሽ ስልጆውን በየገበታው ላይ አከፋፍላ ጨርሳለች። የሚደፋ ነገር አልነበረም። መምህር ገብረ ክርስቶስ ባርከው እጃቸውን ሊሰዱ ነው። ኸይራት እንጀራውን ቆርሳ፣ ስልጆ አጥቅሳ፣ ጠቅልላለች።

«ኸይራት፣ አትቅመሺው።»

ሁሉም ዞረ። ኸይራት ጉርሻውን እንደ ያዘች ቀና አለች። ከሁለት ወር በኋላ ስሟን ከዚያ አፍ መስማቷ ነበር።

«ለምን? ለእኔ ሲሆን ይሰሰታል?»

ውሸቱ አምሳለች ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። አይጥ ወድቆበት ነበር ብትል ሁሉም ይተወዋል፣ ኸይራትም አትበላም፣ አምሳለችም ከነውሩ ትድናለች። የሚቀረው የእናቷ ስም ብቻ ነው፤ ወይዘሮ ባንቺዓለም አይጥ የገባበት ስልጆ ለልጆች ላኩ ተብሎ ገበያ ለገበያ ይወራል። ኸይራት ደግሞ ሰሊጥ የሚያበላት ጠላት እንዳላት ሳታውቅ ትኖራለች።

«ሰሊጥ አለበት» አለች። ትንፋሽ አጥሯት ቃሉን ለሁለት ቆረጠችው። «እናቴ አታውቅም። ዛሬ ጠዋት ጥሬውን ፈጭቼ፣ እያወቅሁ የጨመርሁት እኔ ነኝ።»

ኸይራት ጉርሻውን ገበታው ጠርዝ ላይ አኖረችው። ከዚያ ተነሥታ ከባልዲው ውሃ ቀድታ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ከወንዶቹ አንዱ «መርዝ» ሲል ተሰማ፤ መምህር ገብረ ክርስቶስ በዓይናቸው ዝም አሰኙት።

«አክስቴ እኮ አንድ ጊዜ ከሞት ነው የመለሱኝ» አለች ኸይራት። «ልጅ ሳለሁ። ሰው እንዳይሰማ ብለው ነው የማይነግሩት። ልትገድይኝ ነበር?»

«ሊሳቅብሽ ነበር የፈለግሁት። እንደ ወተቱ መስሎኝ ነበር። እንደ ወተቱ አይደለም ሲሉኝ ሮጥሁ።» አምሳለች ቆም አለች። ከዚህ የሚከተለውን ባትለው ይቀላት ነበር፤ ግን ካልተናገረችው የቀረውም እውነት እውነት አይሆንም። «መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ቆሜም ነበር።»

መምህር ገብረ ክርስቶስ ቀስ ብለው ተነሡ። ከፋሲካ በኋላ ደብረ ማርቆስ ላይ ለሚደረገው ውድድር ማን እንደሚሄድ ገና አልወሰኑም ነበር፤ አምሳለች ፊታቸውን አይታ የእሷ ነገር እንዳበቃ ገባት። ወደ ቢሮ እንድትመጣ ነገሯት። ሀብትነሽ እያለቀሰች ስልጆ ከነካው እንጀራ ያልነካውን ትለይ ጀመር።

አምሳለች ግን አልተንቀሳቀሰችም። ኸይራትን እያየች ነበር፤ በጥላቻ አይደለም፣ በፍቅርም አይደለም።

«ስለ ወተቱ ይቅር አላልኩሽም» አለቻት። «አየሽኝ እላለሁ፤ አንቺ ደጅ ነበርኩ ትያለሽ። ከዛሬ ጀምሮ ግን በጓዳ አልመልስልሽም። ሽማግሌ ይቀመጥ። አክስትሽም ይምጡ፣ እናቴም ትምጣ፣ ክስሽን ተናገሪ፣ እኔም የእኔን እናገራለሁ። መጀመሪያ የእኔ ጥፋት ይታይ።»